የሀርሴ አራተኛ ቀን

የሀርሴ ገበያ ለመጨረሻ ጊዜ የቆመ ዕለት እናቴ ቦታዬን ጠብቃ ዋለች። እኔ የደረስኩት በማግስቱ ነው። ገበያው ይዘጋ የሚለውን ደብዳቤ የተየብኩትም እኔው ነኝ።

የሆነው ይኸው ነው። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩን ካልጻፍኩት ግን አይለቀኝም። አቶ ወልደአማኑኤል ስብሰባ ገብተዋል። ስብሰባ መጀመሪያው እንጂ ማለቂያው አይታወቅም። እስኪወጡ እጽፋለሁ።

ታቢታ እባላለሁ፣ ታይፒስት ነኝ። አዋሳ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መሥሪያ ቤታችን ከሐይቁ አይርቅም፤ መስኮቱ ሲከፈት ዓሣ ይሸታል፣ ሲዘጋ ካርቦን። ነሐሴ ሃያ ሰባት ቀን አለቃዬ አቶ ወልደአማኑኤል አንድ ረቂቅ አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ጣሉና በሦስት ኮፒ አሉኝ። መንደር ምሥረታ ነው። በዚያ ሰሞን ሌላ የምንተይበው ነገር የለም። እገሌ መንደር ፈርሶ እገሌ መንደር ይሠራል። ጣቴ ይተይባል፣ ሐሳቤ ምሳ ላይ ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። የሀርሴ ገበያ ከመስከረም 15 ቀን 1978 ዓ.ም. ጀምሮ ተዘግቶ አዲስ ሕይወት መንደር ይዛወራል፣ በየሳምንቱ ቅዳሜም ይቆማል ይላል።

ሀርሴ አገሬ ነው።

ረቂቁን ይዤ ገባሁ። አቶ ወልደአማኑኤል ለጨጓራቸው ወተት ይጠጡ ነበር። የጎጃም ሰው ናቸው፣ ወደዚህ ከተዛወሩ ዓመት አልሞላቸውም። የሀርሴ ገበያ ቅዳሜ የሚባል እንደማያውቅ፣ በየአራት ቀኑ እንደሚቆም ነገርኳቸው።

«በአራት ቀን? ታዲያ የናንተ ሳምንት ስንት ነው?»

«አራት ነዋ።»

ሳቁ። ክፋት የለባቸውም። እሳቸው የላይኛው አካል ያወጣውን እንደጻፉ፣ ለሠራተኛውም ለገበሬውም ቅዳሜ እንደሚመች፣ ከለመዱት እንደሚወዱት ነገሩኝ። ከዚያ ወተታቸውን አነሡ። ወጥቼ ተየብኩት። አንድ ስህተት አልወጣበትም።

እዚህ ሀርሴን የሚያውቅ የለም፣ ስለዚህ ልንገር። መጀመሪያ ገበያው ነበር፣ ቤቱ ኋላ መጣ። ሦስት ጎሳዎች መሬታቸው የሚገናኝበት አንድ ሜዳ ነበር፤ የማንም አልነበረም። የማንም ስላልሆነ ሁሉም መጣበት። ደም የተቃቡ ሰዎች እዚያ ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ጨው ይገዛሉ። ማንም እጁን አያነሣም። ከሜዳው ከወጡ በኋላ ራሳቸው ያውቃሉ።

የፈትያ አባት ከጉራጌ አገር በበቅሎ አቡጀዲና ጨው ጭነው አንድ ሌሊት ሊያድሩ መጡ፤ አርባ ዓመት አደሩ። ጣሊያን መንገድ ሊሠራ መጥቶ ሳይጨርስ ሄደ፤ አንድ የብረት በርሜል ተወልን። ሽማግሌው ኩማ ያንን በርሜል ሜዳው ላይ ያለው ሾላ ላይ ሰቅለው በድንጋይ ካልመቱት ገበያ አይከፈትም፣ ማንም አይሸጥም። የጃንሆይ ቀራጭ መጣ፣ ሾላው ሥር ወንበር ዘርግቶ ተቀመጠ። ሚሲዮን ክሊኒክና ትምህርት ቤት ሠራ። ደርግ መጣ፣ የቀበሌ አዳራሽ ተሠራና ቀይ ተቀባ። ታሪኩ ይኸው ነው። ስልሳ የማይሞላ ቆርቆሮ ቤት፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ወፍጮ፣ ሁለት ሻይ ቤት። ሦስት ቀን ያንቀላፋል፣ ውሻ መሀል መንገድ ላይ ይተኛል። በአራተኛው ቀን ዲኮ ነው።

ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶ፣ ቃዋላንካ። አራቱ ቀን እነዚህ ናቸው። ከዚያ ተመልሶ ዲኮ። በሲዳምኛ ዲኮ ገበያም ማለት ነው። እኔ ሰኞ ማክሰኞን ከማወቄ በፊት ይህን አውቅ ነበር። ትምህርት ቤት ስገባ አንድ ሳምንት ሰኞና ዓርብ እቀራለሁ፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ በሚቀጥለው ረቡዕ። መምህር ተፈራ ይህች ልጅ በምን ሕግ እንደምትቀር ሊገባቸው ስላልቻለ እናቴን አስጠሯት።

«ሕግማ አለው» አለቻቸው እናቴ፣ «በአራት ይቁጠሩ።»

ስልክ ጠራ። ቁጥር የተሳሳተ ሰው ነው።

እናቴ ገበያነሽ ትባላለች፣ ቅቤ ሻጭ ናት። የቅቤ ተራ ላይ እያንዳንዷ ሴት መቀመጫ ድንጋይ አላት። ድንጋዩ ከእናት ለልጅ ይወርዳል። ሴትዮዋ ብትታመም፣ ብትወልድ፣ ዓመት ብትቀር ማንም አይቀመጥበትም። የሚያነሣውም የለም። የሰው ድንጋይ ማንሣት ባለቤቱን ሞተች እንደማለት ነው፤ የሚነሣው ስትሞት ብቻ ነው፣ ወይ ራሷ ስታነሣው። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ እናቴ ከወንዝ አንድ ትንሽ ጠፍጣፋ ድንጋይ አዝላ አመጣችና ከድንጋይዋ በስተቀኝ አኖረችልኝ።

የሚናፍቀኝ ሽያጩ አይደለም። በርሜሉ ከመመታቱ በፊት ያለችው ደቂቃ ናት። ሴቶቹ ሁሉ ተቀምጠዋል፣ ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ ፊት ለፊታቸው አለ፣ ጉሙ ገና አልተነሣም። ሁሉም ዝም ይላል። የእናቴ ትከሻ ትከሻዬን ይነካኛል፣ ይሞቃል። እጇ ከኮባው ውሃ የተነሣ ይቀዘቅዛል፣ ያንን ቀዝቃዛ እጅ አንገቴ ላይ ታደርግብኝና እኔ ስዘል ሳቋን ታፍናለች። ከዚያ በርሜሉ ይመታል። አዋሳ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ እንደዚያ ዝም ያለ ሕዝብ አላየሁም።

አንድ ጊዜ እዚህ መጥታ አምስት ቀን ሰንብታለች። በጋሪ ወደ ገበያ ወሰድኳት። አየችና ነገ የት ይቆማል አለችኝ። እዚሁ፣ በየቀኑ ነው አልኳት። ደነገጠች።

«በየቀኑ ከሆነ ገበያ አይደለማ» አለችኝ። «ሰው ሳይነፋፈቅ እንዴት ይገበያያል?»

ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። እኔም ካልሄድኩ አራት ዓመቴ ነው። ምክንያቱ አንድ አይደለም። ከቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋል፣ ኬላ አለ፣ እሑድ እሑድ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ አለ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን እንሠራለን። ሰው ሲጠይቀኝ ይህን እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን የዛሬ ወር የዛሬ ወር ስል ነው አራት ዓመት የሞላው።

ደብዳቤውን የተየብኩ ዕለት ማታ ፈትያ ሱቅ ሄድኩ። ፈትያ አብሮ አደጌ ናት፣ አሁን እዚህ ገበያ ውስጥ ሱቅ አላት፣ ጨርቅና ሳሙና ይዛ ሀርሴ ትመላለሳለች። በዋዜማው፣ ነሐሴ ሃያ ስድስት፣ ከዲኮ ተመልሳ ነበር። ወሬው ሀርሴ ቀድሞኝ ደርሷል፤ ካድሬው አዳራሹ ውስጥ ሰብስቦ ነግሯቸዋል። ነሐሴ ሠላሳ ለሚውለው ዲኮ ስትሄጂ ለእናቴ ንገሪልኝ አልኳት፤ በመጨረሻው ዲኮ እመጣለሁ፣ ከጎኗ ተቀምጬ እንሸጣለን፣ ቦታዬን ትጠብቅልኝ።

«አራት ዓመት ቀርተሽ ሊዘጋ ሲል?» አለችኝ። «ለቀብር ካልሆነ አትመጪም ማለት ነው።»

ልወጣ ተነሣሁ። እሷ ግን የመጨረሻው ዲኮ መቼ እንደሚውል ላስላልሽ አለች፣ ጣቶቿን ዘረጋች።

«የእኔን ዲኮ አንቺ ልትነግሪኝ?» ብያት ወጣሁ።

በማግስቱ ቢሮ ተቀምጬ ቆጠርኩ። የመሥሪያ ቤቱን የዓመት ዕቅድ ቅጽ ዘረጋሁ፤ ወሩ ተደርድሯል፣ ቀኑ ተደርድሯል፣ ለመቁጠር ይመቻል። ሃያ ስድስት። ሠላሳ። መስከረም አራት። ስምንት። አሥራ ሁለት። ቀጥሎ አሥራ ስድስት ይመጣል፣ እሱ የተከለከለ ነው። የመጨረሻው አሥራ ሁለት ሆነ። ግድግዳው ላይ ካለው ካላንደር ሳየው እሑድ ነው። እሑድ። የአለቃ ፈቃድ አያስፈልገኝም፤ የማኅበሩ ስብሰባ ይቅር። ደስ ብሎኝ ሻይ ገዝቼ ለተላላኪዋ ለሙሉጌጥ ሰጠኋት። ምን ተገኘ አለችኝ፣ ገበያ ልሄድ ነው አልኳት።

የቀበሌ መሸኛ ለአንድ ቀን አገኘሁ፤ በዚያው ዕለት ሄዶ ለመመለስ ይላል። ግማሽ ኪሎ ስኳር ከኅብረት ሱቅ፣ አንድ ሻሽ ከፈትያ ተፎካካሪ። እሑድ ንጋት ላይ በጋሪ መናኸሪያ ደረስኩ። መኪናው እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ቱላን አለፍን፣ ኬላው ላይ ወረድን፣ ተፈተሽን፣ ተሳፈርን።

ሀርሴ ሊደረስ ሲል በዲኮ ቀን መንገዱ በሴቶች ይዘጋል። ሾፌሩ ክላክስ ይነፋል፣ ሴቶቹ ይሳደባሉ፣ እሱም ይሳደባል። ያን ዕለት መንገዱ ባዶ ነበር። ቀድመው ገብተው ነው አልኩ። አንድ ሰው፣ አንድ አህያ የለም። አርፍደን ነዋ አልኩ። ሾፌሩ ሲያወርደኝ ዛሬ እዚህ ምን አለ ብሎ ጠየቀኝ። ስኳሬንና ሻሼን ይዤ ወደ ሜዳው ሄድኩ።

ሜዳው ባዶ ነበር።

ቆሜ አየሁት። የወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ ተነቅሏል። ካሉት ቤቶች ግማሹ ምሰሶ ብቻ ቀርቷል። መሬቱ ላይ የተጣለ ኮባ ሞልቷል። ጎንበስ ብዬ አንዱን አነሣሁት። ገና አልደረቀም፣ ውስጡ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። የዛሬ አይደለም። የሳምንትም አይደለም።

አባ ኩማ ሾላው ሥር ተቀምጠዋል፣ በርሜሉ ከላያቸው ተንጠልጥሏል። ዐይናቸው ደክሟል፣ ግን ለዩኝ።

«የገበያነሽ ልጅ» አሉኝ። «ደረስሽ።»

«ዲኮ ዛሬ መስሎኝ፣ አባ።»

«ትናንት ነበር።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እንዴት ሆነ አላሉኝም። የሆነውን ነገሩኝ። እናቴ በርሜሉ ሳይመታ መጥታለች። ቅቤዋን ዘረጋች፣ ነጠላዋን አውልቃ ድንጋዬ ላይ አደረገች። ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ነበር፤ የመጨረሻው ነው ብሎ ከሩቅ ያልመጣ የለም። ቦታ የጠበባት አንዲት ሴት ነጠላውን አንሺልኝ ብትላት ሰው አለው አለቻት። ገዢ ሲመጣ ቆይ ትለዋለች፤ ከልጄ ጋር ነው የምንሸጠው። ፀሐይ ዞረች። ሴቶቹ ይቀልዱባት ጀመር። ልጅሽ የመንግሥት ሰው ናት፣ መኪና ልኮላት በአስፋልት ትመጣለች አሏት። አንዷ ደግሞ፣ ገበያነሽ፣ ልጅሽ ከተሜ ሆናለች፣ ቀኑን ረስታው ይሆናል አለቻት።

«ምን አለች?» አልኳቸው።

«ልጄ ዲኮ አትስትም አለች።»

ከዚያ ገበያው ተበተነ። ቅቤዋን ሳትሸጥ እንዳለ መልሳ ጠቀለለች። ሴቶቹ እየተላቀሱ ድንጋዮቻቸውን አነሡ፤ በጀርባቸው አዝለው ወደ አዲሱ መንደር ወሰዱ። ካድሬው ቆሞ ያይ ነበር፣ ድንጋይ እዚያስ ሞልቶ የለም ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ሴቶቹ አልፈውት ሄዱ። እናቴም የራሷን አነሣች። አባ ኩማ የልጅሽንስ ቢሏት፣

«ተዉት» አለች። «ባለቤቱ በሕይወት አለች።»

ሄጄ አየሁት። የቅቤ ተራ ላይ ድንጋዮቹ የተነሡበት ቦታ ነጭ ነጭ ሆኖ ተደርድሯል፣ ፀሐይ ያላየው ሣር። በዚያ ሁሉ መሀል አንድ ትንሽ ድንጋይ። ተቀመጥኩበት። ጠቦኛል፤ ጉልበቴ አገጬ ጋር ደረሰ። በግራ በኩል ማንም የለም። አባ ኩማ ተነሥተው መጡ።

«በዲኮ ትመጣለች» አሉኝ።

«ወዴት?»

«ወደዚህ ነዋ። ልጄ ድንጋይዋን ሳታነሣ አትቀርም፣ ብቻዋን እንዳታነሣው ብላለች። ረቡዕ ነው።»

ረቡዕ አሥራ አምስት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተከለከለ መሆኑን ነገርኳቸው፤ እዚህ ሜዳ ላይ የተገኘ ሰው ይያዛል።

«ማነው የከለከለው?»

ማን እንደተየበው አልነገርኳቸውም።

«ሰው ይከለከላል» አሉ አባ ኩማ። «ዲኮ ግን ይመጣል።»

እናቴ የሰፈረችበት አዲሱ መንደር በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የመጨረሻው መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመለሳል፣ መሸኛዬ የዚያን ዕለት ብቻ ነው፣ እዚያ ማደር ደግሞ እሷን በእንግዳ ደባቂነት ያስጠይቃታል። ስኳሩንና ሻሹን ለአባ ኩማ ሰጠሁ። ድንጋዩን አላነሣሁትም። መኪናው ውስጥ ሆኜ እስከ ቱላ ድረስ በጣቴ ስቆጥር መጣሁ። ሃያ ስድስት፣ ሠላሳ፣ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት። ስህተቱ አልገኝ አለኝ። አባ ኩማ አርጅተው ነው እንዳልል ኮባውን በእጄ ይዣለሁ።

ዛሬ ሰኞ በምሳ ሰዓት ፈትያ ሱቅ ገባሁ። ፊቴን አይታ ደንበኞቿን አስወጣች። ቁጭ አድርጋ በምን ቆጠርሽ አለችኝ። የዕቅድ ቅጹን አውጥቼ ባንኮኒዋ ላይ ዘረጋሁላት፣ በጣቴ አሳየኋት። አየች፣ ደግማ አየች። ጣቷን ነሐሴና መስከረም መሀል ያለው መስመር ላይ አደረገች።

«ጳጉሜን የት ጣልሻት?»

ቅጹ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው ያለው። በጳጉሜ ደሞዝ የለም፣ በጀት የለም፣ ዕቅድ የለም። አምስቱንም ቀን ቢሮ ገብቼ ሠርቻለሁ፣ ግን ወረቀቱ ላይ አልነበረችም፣ እኔም አላስታወስኳትም። ይህንኑ ነገርኳት።

«እናትሽ ግን አምስቱንም ቆጥራ ነው የጠበቀችሽ» አለችኝ። ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ዐይኔን አየችና ተወችው። ከዚያ ቅጹን አጣጥፋ መለሰችልኝ።

ቢሮ ተመልሼ እንደገና ቆጠርኩ፣ በእጄ ጳጉሜን ጨምሬበት። ሃያ ስድስት፣ ሠላሳ፣ ጳጉሜ አራት፣ መስከረም ሦስት፣ ሰባት፣ አሥራ አንድ። አሥራ አምስት። ረቡዕ። በዚያው ረቡዕ የመሥሪያ ቤታችን ኮሚቴ የገበያውን መዘጋት ሊያረጋግጥ ሀርሴ ይወርዳል፤ የውሎ አበል ቅጻቸውን ዓርብ ዕለት የተየብኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ስም የአቶ ወልደአማኑኤል ነው።

ወንበር ሲንኳኳ ይሰማኛል። ስብሰባው አልቋል።

መተየቢያው ላይ ወረቀት አስገብቼ የአንድ ቀን ፈቃድ መጠየቂያ ተየብኩ፣ ረቡዕ መስከረም 15። ምክንያት ከሚለው ፊት «ሀርሴ ገበያ» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩና ሳይገቡ ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩት።